የጀማሪ ቀስተኛ መመሪያ፦ የቀስትና የፍላጻ ክፍሎች፣ ስያሜያቸውና አወራወሩ፣ ከጣና ዳር

ባሕር ዳር ላይ፣ ከሐይቁ ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ሜዳ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ወጣቶች ጋር ልምምድ በጀመርን ሰሞን የሠራሁት ስህተት ይህን መመሪያ እንድጽፍ አድርጎኛል። ሁለት ልጆች በመወርወሪያው መስመር ላይ ቆመው ነበር። አንደኛው አውታሩን ስቦ ሊለቅ ተዘጋጅቷል፤ ሁለተኛው መሣሪያውን እግሩ ሥር አስቀምጦ ይጠባበቃል። ለሁለተኛው «ቀስቱን አንሣ» አልሁት፤ እግሩ ሥር ያለውን ይዞ እንዲዘጋጅ ማለቴ ነበር። እሱ ግን ቀደም ብሎ አምልጦት ከመስመሩ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ፊት ሣሩ ላይ የተጋደመውን ፍላጻ አንሣ ያልሁት መስሎት መስመሩን አልፎ ሄደ። ደግነቱ ጓደኛው አይቶት አውታሩን ቀስ አድርጎ መለሰና ምንም ሳይደርስ ቀረ። ልጁ አላጠፋም። ሁለቱንም ነገር «ቀስት» ብሎ ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ሜዳ አንድ ነገር አንድ ስም ብቻ እንዲኖረው ተስማምተናል። ስለዚህ መመሪያው ከስም ይጀምራል፤ ስሙን ሳይለዩ ወደ መሳብ መሄድ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ስሞቹን መለየት

«ቀስት» የሚጎብጠውና በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ከእርሱ ተወርውሮ የሚሄደው «ፍላጻ» ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ የሚያነብ ሰው ይህን ልዩነት ከልጅነቱ ያውቀዋል። መደበላለቁ የመጣው በመንገድ ምልክትና በስልክ ላይ አቅጣጫ የሚያሳየውን የፍላጻ ሥዕል «ቀስት» ማለት ስለለመድን ይመስለኛል። «ቀስተ ደመና» የሚለው ቃል ግን ነገሩን በትክክል ይዞታል፤ ዝናብ ሲያባራ በሐይቁ ላይ የሚታየው የጎበጠው ነውና። በዚሁ ምክንያት «ቀስት መወርወር» ከማለት «ፍላጻ መወርወር» ማለትን እመርጣለሁ፤ ቀስቱ ከእጅ አይወጣም።

«ደጋን» የሚለው ቃልም ለቀስት ያገለግላል፤ ነገር ግን ደጋን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው አዝማሪው ማሲንቆውን የሚመታበትን የፈረስ ጭራ የተወጠረበት እንጨት ወይም ጥጥ የሚነደፍበትን መሣሪያ ስለሆነ በሜዳ ላይ አንጠቀምበትም። ይሁንና ጥጥ ሲነደፍ ቆሞ ያየ ሰው የቀስትን አሠራር ግማሹን አውቆታል። የጎበጠው እንጨት ልቃና ሲል አውታሩ ወጥሮ ይይዘዋል፤ አውታሩ ተስቦ ሲለቀቅ እንጨቱ ያጠራቀመውን ጉልበት በቅጽበት ይመልሳል፤ ጥጡም ብን ብሎ ይፍታታል። ፍላጻውን የሚገፋው ይኸው ጉልበት ነው። «ነደፈ» የሚለው ግስ በግዕዝ በፍላጻ መውጋትንም ማመልከቱ እንዲያው የመጣ አይመስለኝም።

በቀስቱ ሁለት ጫፎች መካከል የሚወጠረውን አንዳንዱ «ጅማት»፣ አንዳንዱ «ክር» ይለዋል። እኛ «አውታር» ብለነዋል፤ ስለ ትከሻና ስለ ጣት ጅማት ደጋግመን ስለምንናገር እንዳይምታታ ነው፤ በገና የሚማሩ ልጆችም ቃሉን ያውቁታል።

በዚህ መመሪያ የምናየው ቀስት ሪከርቭ የሚባለው፣ የክንፎቹ ጫፎች ወደ ኢላማው በኩል የተቆለመሙት ዓይነት ነው። ቀስት ውርወራ እ.ኤ.አ. ከ1920 በኋላ ከኦሊምፒክ ወጥቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ ሲመለስ ውድድሩ የተካሄደው በዚህ ዓይነት ቀስት ነበር፤ ለጀማሪም የሚመከረው እርሱ ነው። ሦስት ቦታ ይፈታል። መካከለኛው የማይጎብጥ አካል ራይዘር ይባላል፤ ከእንጨት ወይም ከአልሙኒየም ይሠራል። በእርሱ ላይ የእጅ «መጨበጫ»፣ ከመጨበጫው በላይ ደግሞ ፍላጻው የሚቀመጥበት ትንሽ «ማሳረፊያ» አለ። ከራይዘሩ ላይና ታች የሚገጠሙት፣ የሚጎብጡትና ጉልበቱን የሚያጠራቅሙት ሁለቱ «ክንፎች» ናቸው፤ ሻጮች ሊምብ ይሏቸዋል። ወደ ቀስተኛው የዞረው ጎን «ሆድ»፣ ወደ ኢላማው የዞረው «ጀርባ» ነው። የአውታሩ መሃል ጣትና ፍላጻ እንዳይበሉት በሌላ ክር ተጠምጥሟል፤ ይህን «ጥምጣም» እንለዋለን። በጥምጣሙ ላይ ፍላጻው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲገጠም የሚያደርግ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ወይም የክር ቋጠሮ ይኖራል፤ እርሱ «የኖክ ምልክት» ነው።

ፍላጻው አራት ክፍሎች አሉት። «ዘንጉ» ከእንጨት፣ ከአልሙኒየም፣ ከፋይበር ግላስ ወይም ከካርቦን ይሠራል። ከፊቱ «ሹሉ»፣ ከኋላው አውታሩን ነክሶ የሚይዘው ፕላስቲክ «ኖክ»፣ ከኖኩ ቀደም ብሎ ደግሞ ሦስት «ላባዎች» አሉ። ዛሬ ላባው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ቢሆንም ስሙ አልተለወጠም። ከሦስቱ አንዱ ቀለሙ የተለየ ነው፤ «መሪ ላባ» ብለነዋል፤ ሲገጠም ከራይዘሩ ተቃራኒ ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ አለዚያ ሌላው ላባ ራይዘሩን እየመታ ፍላጻውን ያስታል።

ለአካል መከላከያ የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው፤ አውታሩ ክንድን እንዳይገርፍ የክንድ መከላከያ፣ የሚስቡት ጣቶች እንዳይላጡ ደግሞ የጣት ቆዳ። ሁለቱንም ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ከጫማ ሰፊ በተገኘ ለስላሳና ወፈር ያለ የቆዳ ቁራጭ የተሠራ የጣት ቆዳ ለሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ፍላጻ የሚያዝበት ከረጢት «ኮሮጆ» ነው፤ በወገብ ይታሰራል።

ለራስ የሚስማማውን መምረጥ

በመጀመሪያ ገዢ ዓይንዎን፣ ማለትም ሲያነጣጥሩ ከሁለቱ ይበልጥ የሚመራዎትን ዓይን፣ ይለዩ። ሁለት እጆችዎን ወደ ፊት ዘርግተው በአውራና በአመልካች ጣቶችዎ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥሩ፤ በቀዳዳውም ራቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ በመንገድ ዳር የቆመ የዘንባባ ግንድ ይመልከቱ። ከዚያ ግራ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ግንዱ ከቀዳዳው ካልወጣ ገዢ ዓይንዎ ቀኙ ነው፤ ከወጣ ግራው ነው። ገዢ ዓይኑ ቀኝ የሆነ ሰው ቀስቱን በግራ እጁ ይይዝና በቀኝ እጁ ይስባል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ስያሜ አለ፦ ሻጮች «የቀኝ ቀስት» የሚሉት በቀኝ እጅ የሚሳበውን እንጂ በቀኝ እጅ የሚያዘውን አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳያውቅ የግራ ቀስት ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሳይጠቀምበት ቀርቷል።

ቀጥሎ የመሳቢያ ርዝመት፣ ማለትም አውታሩ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ የሚደርስበት ርቀት፣ ይለካል። ክንዶችዎን ወደ ግራና ቀኝ እኩል ዘርግተው ከአንዱ መሃል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው መሃል ጣት ጫፍ ያለውን በሜትር ያስለኩና ለ2.5 ያካፍሉት። ዝርጋታው 170 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው የመሳቢያ ርዝመቱ 68 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 27 ኢንች ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የቀስት ርዝመትና ጉልበት በኢንችና በፓውንድ ስለሚጻፍ ሁለቱን መለኪያዎች መልመድ ግድ ይላል። ከ26 እስከ 28 ኢንች ለሚስብ ሰው 66 ወይም 68 ኢንች የሆነ ቀስት ይስማማል፤ ከዚያ በላይ ለሚስብ 70 ኢንች ይሻላል፤ ረጅም ሰው አጭር ቀስት ሲስብ አውታሩ በጣቶቹ ላይ ሹል ማዕዘን ሠርቶ ይቆነጥጠዋል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የመሳቢያ ክብደት ነው። በታችኛው ክንፍ ሆድ በኩል ለምሳሌ «68 ኢንች፣ 24 ፓውንድ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ማለት ቀስቱ እስከ 28 ኢንች ሲሳብ የሚጠይቀው ጉልበት 24 ፓውንድ፣ ወደ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ነው ማለት ነው። ከ28 ኢንች በታች ለሚስብ ሰው በየኢንቹ ከ1 እስከ 2 ፓውንድ ያህል ይቀንስለታል። ለጎልማሳ ጀማሪ ከ18 እስከ 24 ፓውንድ፣ ለታዳጊዎች ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል፤ እርሻ የለመደ ክንድ ያለው ሰው 11 ኪሎ ምን ያደርገኛል ይላል። ነገር ግን ይህ ጉልበት ከመሬት እንደሚነሣ ሸክም አይደለም፤ በቀን ስድሳ ሰባ ጊዜ፣ ከዕለት ሥራ ባረፉ ትንንሽ የጀርባ ጡንቻዎች የሚያዝ ነው። እኔ ራሴ በ36 ፓውንድ ጀምሬ ቀኝ ትከሻዬ ለሁለት ወር ያህል ከጆሮዬ በላይ አልነሣ ብሎኝ ነበር። መለኪያው ቀላል ነው፦ ሙሉ በሙሉ ስበው ሳይንቀጠቀጡ እስከ አሥር መቁጠር ካልቻሉ ቀስቱ ከብዶዎታል። ስበው ሲጨርሱ አውታሩን ወደ ቦታው ቀስ አድርገው በእጅዎ ይመልሱ። ፍላጻ ሳይኖርበት አውታሩን መልቀቅ በፍጹም የተከለከለ ነው፤ ወደ ፍላጻው ሊሄድ የሚገባው ጉልበት ወደ ክንፎቹ ተመልሶ ይሰነጥቃቸዋል፤ ስብርባሪውም ፊት ሊደርስ ይችላል።

አውታሩን ማግባት

ቀስት ሥራ ላይ ካልሆነ አውታሩ ወልቆ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ በየልምምዱ መጀመሪያ ያደርጉታል። ሁለት ጫፎቹ ላይ የቆዳ ወይም የጨርቅ ኪስ ያለው ማጉበጫ ገመድ ያስፈልጋል። የአውታሩን ትልቁን ቀለበት በላይኛው ክንፍ ላይ አጥልቀው ዝቅ ያድርጉት፤ ትንሹን ቀለበት በታችኛው ክንፍ ጫፍ ባለው ገብ (ጎድጓዳ መስመር) ውስጥ ያስገቡ። የማጉበጫ ገመዱን ኪሶች በሁለቱ ጫፎች ላይ ያልብሱ፤ ቀስቱን ጀርባው ወደ ላይ፣ ሆዱ ወደ መሬት ሆኖ አግድም ይያዙና ወደ መሬት የወረደውን ገመድ በአንድ እግርዎ ይርገጡ። በመጨበጫው ይዘው ቀጥ እያሉ ወደ ላይ ሲስቡት ክንፎቹ ይጎብጣሉ፤ በሌላው እጅ ትልቁን ቀለበት ወደ ጫፉ ገብ ይግፉት። ከመልቀቅዎ በፊት ሁለቱም ቀለበቶች በገቡ መሃል መቀመጣቸውን ያረጋግጡ። በጭን መካከል አስገብቶ ማጉበጥ የሚወዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ክንፉን ያጣምማል፤ ሲያመልጥም ጫፉ የሚሄደው ወደ ዓይን ስለሆነ አልመክረውም።

አውታሩ ከገባ በኋላ ከመጨበጫው ጥልቅ ቦታ እስከ አውታሩ ያለው ርቀት ይለካል። ይህ «የአውታር ርቀት» ለ68 ኢንች ቀስት ብዙውን ጊዜ ከ21.5 እስከ 23 ሴንቲሜትር ነው፤ አምራቹ የጻፈው ካለ እርሱን ይከተሉ። ርቀቱ ካነሰ አውታሩን አውልቀው በተጠመዘዘበት አቅጣጫ ጥቂት ጊዜ ይጨምሩለት፤ ሲጠመዘዝ ስለሚያጥር ርቀቱ ይጨምራል። ከበዛ ይፍቱለት። ቁጥሩን በማስታወሻ ደብተር ይያዙት። ዛሬ 22፣ ነገ 20 በሆነ ቀስት የሚለማመድ ሰው ስህተቱ የእጁ ይሁን የቀስቱ ሊያውቅ አይችልም።

ፍላጻን መምረጥና መመርመር

የጀማሪ ፍላጻ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ሹሉ ከማሳረፊያው ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ወደ ፊት መትረፍ አለበት። ያጠረ ፍላጻ ከማሳረፊያው ወደ ኋላ ወድቆ ሲለቀቅ የያዘውን እጅ ይወጋል፤ ከሁሉም አደጋዎች የምፈራው ይህን ነው። ስለዚህ የአንዱን ልጅ ፍላጻ ለሌላው ረዘም ላለ ልጅ አናውስም።

ሁለተኛው ነገር የዘንጉ ግትርነት ነው፤ በሙያው ስፓይን ይባላል። 28 ኢንች ተራርቀው በቆሙ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ዘንጉ ይጋደምና መሃሉ ላይ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል፤ መሃሉ ግማሽ ኢንች ከረገበ ስፓይኑ 500 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘንጉ ለስላሳ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ይህን ነው። ፍላጻ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ራይዘሩን እንደ ዓሣ እየተጣጠፈ ያልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚረጋው። ለጀማሪ ቀላል ቀስት የሚስማማው ብዙውን ጊዜ ከ800 በላይ የሆነ ለስላሳ ዘንግ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከአምራቹ ሠንጠረዥ በመሳቢያ ክብደትና በፍላጻ ርዝመት ይፈለጋል። በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ዘንጉ ከሚገባው በላይ ግትር ከሆነ ወደ ግራ፣ ከሚገባው በላይ ለስላሳ ከሆነ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የካርቦን ዘንግ ሁለት ጫፎቹን ይዘው በትንሹ ያጉብጡት፤ በጆሮዎ አቅራቢያ እያዞሩ ያዳምጡት። የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰጠ ወይም በጥፍርዎ ሲዳስሱት ሻካራ መስመር ካገኙ ሰብረው ይጣሉት፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት መስበሩ ግዴታ ነው።

ሜዳውና ኢላማው

ለምድር ወገብ ሰሜን በሆነ አገር ሜዳ ሲዘጋጅ ፀሐይ ዓይን እንዳትወጋ ኢላማው በሰሜን በኩል ቢቆም ይመረጣል። ባሕር ዳር ላይ ግን ሰሜን ሐይቁ ነው። ክፍት ውኃ ስለሚታይ ማንም የሌለ ይመስላል፤ ነገር ግን ከደንገሉ ጀርባ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ታንኳው ራሱ የደንገል ስለሆነ ከሃምሳ ሜትር አይለይም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ አይወረወርም። ከዳርቻው ገባ ብሎ፣ ከኢላማው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል ወይም ድፍን ግንብ ያለበት፣ ከብትና እግረኛ የማያቋርጠው ቦታ ይፈለጋል። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ቀላል ፍላጻን ከመስመሩ ያስወጣል።

ለኢላማ ሁለት ነገር ሞክረናል። መጀመሪያ ደንገል አጥብቀን አስረን አቆምን፤ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ በሦስት ሳምንት ውስጥ መሃሉ ተበሳስቶ ፍላጻው ወደ ጀርባ ማለፍ ጀመረ። ቀጥሎ ማዳበሪያ ከረጢት በአሮጌ ጨርቅና በፌስታል ጠቅጥቀን ሞላን፤ ይህ እስካሁን ይዟል። ምስጢሩ መጠቅጠቁ ነው፤ በእግር እየረገጡ ካልሞሉት መሃሉ ይሳሳል። አንድ ሰው በቡጢ ሲመታው እንደ ፍራሽ ሳይሆን እንደ እህል ጆንያ ሊሰማው ይገባል። ድንጋይ፣ ቁልፍና ዚፕ በውስጡ እንዳይቀር ጨርቁን አስቀድመው ይፈትሹ።

ፍላጻውን መወርወር

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኢላማው 5 ሜትር ላይ ይሁን፤ ነጥብ ያለበት ወረቀትም አይለጠፍበት። ዓይን ወረቀቱን ካየ እጅ የሚማረውን ይተዋል።

አቋቋሙ ይህን ይመስላል። በቀኝ የሚስብ ሰው ግራ ትከሻው ወደ ኢላማው ዞሮ፣ አንድ እግሩ ከመስመሩ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆኖ፣ በትከሻው ስፋት ልክ ከፍቶ ይቆማል። ክብደቱ በሁለቱም እግሮቹ ላይ እኩል ይረፍ፤ ወገቡ ወደ ኋላ አይለጠጥ።

ከዚያ ፍላጻውን በማሳረፊያው ላይ ያስቀምጡ፤ መሪ ላባው ወደ ውጭ ዞሮ ኖኩ ከምልክቱ ሥር «ጠቅ» ብሎ እስኪነክስ ይግፉት። ያ ድምፅ ካልተሰማ ኖኩ ላልቷልና ፍላጻውን ይለውጡ። ሹሉ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ወደ ኢላማው ወይም ወደ መሬት እንጂ ወደ ሌላ አይዞርም።

የሚስበው እጅ ሦስት ጣቶች አውታሩን በመጀመሪያው አንጓ ይይዛሉ፤ አመልካች ጣት ከፍላጻው በላይ፣ መሃል ጣትና ቀለበት ጣት ከፍላጻው በታች ሆነው እንደ መንጠቆ ይጎብጣሉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ወደ መዳፍ ይታጠፋሉ። ፍላጻውን በጣት መቆንጠጥ አይገባም፤ የተቆነጠጠ ፍላጻ ሲሳብ ከማሳረፊያው ይወድቃል። የሚይዘው እጅ ደግሞ ራይዘሩን አይጨብጥም። ግፊቱ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ባለው ሥጋ ላይ ይረፍ፤ ሌሎቹ ጣቶች ላላ ብለው ይቀመጡ። የጨበጠ እጅ ቀስቱን ያጣምመዋል። የያዘውን ክንድ ክርን ወደ ውጭ ማዞር እስኪለመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ያልዞረ ክርን ግን በአውታሩ ተገርፎ ምሽቱን ይጠቁራል።

አሁን ሁለቱንም እጆች እስከ ትከሻ ከፍታ ያንሡና ይሳቡ። መሳብ በክንድ ጡንቻ ብቻ አይሆንም፤ የሚስበው ክርን ወደ ኋላ ሲዞር በጀርባ በኩል ያሉት የትከሻ አጥንቶች እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ ይሰማል። ይህን ስሜት ለማስተማር ልጆቹን አቁሜ በክርናቸው ጀርባ እጄን አድርጌ «ግፋኝ» እላቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ በሁለተኛው ሙከራ ይገባቸዋል።

የሚስበው እጅ ከፊት ላይ የሚያርፍበት ቋሚ ቦታ «መልሕቅ» ነው። ከሁሉም ቃላት ለሐይቅ ዳር ሰው ማስረዳት የቀለለኝ ይህ ነው፤ መልሕቋ ያልተጣለች ጀልባ ከወደቡ ፊት ቆማ ብትታይም ቦታዋ አይታወቅም። አመልካች ጣት በመንጋጋ አጥንት ሥር ይገባል፤ አውታሩ አገጭንና የአፍንጫን ጫፍ ይነካል። ሁለቱ ንክኪዎች በእያንዳንዱ ፍላጻ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። መልሕቁ አንድ ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ የፍላጻው የኋላ ጫፍ ዝቅ ስለሚል ፍላጻው ከፍ ብሎ ይመታል፤ ጀማሪው ግን ጥፋቱን ከማነጣጠሩ ይፈልጋል። ፊታችሁን ወደ አውታሩ አታምጡ፤ አውታሩ ወደ ፊታችሁ ይምጣ እያልሁ ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው።

ማነጣጠር ከመልሕቅ በኋላ የሚመጣ፣ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ የሚቆይ ሥራ ነው። በዚህ ጊዜ መሳቡ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ ጀርባው በዝግታ መስፋቱን ይቀጥላል። ከዚያ በላይ መያዝ ካስፈለገዎት አውታሩን መልሰው ያርፉና እንደ አዲስ ይጀምሩ። የተንቀጠቀጠን ፍላጻ ከመልቀቅ መመለስ የተሻለ ነው፤ በእኛ ሜዳ የሚመልስ ልጅ ይመሰገናል።

መልቀቅ ጣቶችን መክፈት አይደለም፤ መያዝን መተው ነው። ጣቶቹ ሲላሉ አውታሩ ራሱ ገፍቷቸው ይወጣል፤ ጀርባው አሁንም እየሳበ ስለሆነ እጁ በአንገት በኩል ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከዚያ ፍላጻው ኢላማውን መትቶ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ አቋምዎን ሳይለውጡ ይቆዩ። የት እንደመታ ለማየት ቀስቱን ቶሎ የሚያወርድ ሰው ጊዜ ሲያልፍ ፍላጻው ሳይወጣ ማውረድ ይጀምራል።

የፍላጻዎችን ስብስብ ማንበብ

ርቀቱ ወደ 10 ሜትር ሲደርስ ወረቀት ይለጠፍና በአንድ ዙር ሦስት ፍላጻ ይወረወራል። መጀመሪያ የሚታየው ከመሃል መራቃቸው አይደለም፤ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ግራ ታች ላይ ከተሰበሰቡ ቀስተኛው ጥሩ ነው፤ የሚስተካከለው ማነጣጠሪያው ብቻ ነው። ማነጣጠሪያ የተገጠመለት ቀስት ላይ ደንቡ ፍላጻውን መከተል ነው፤ ፍላጻዎቹ ዝቅ ካሉ ማነጣጠሪያውን ዝቅ፣ ወደ ግራ ከሄዱ ወደ ግራ ያድርጉት። ሦስቱ በሦስት አቅጣጫ ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያውን አይንኩ፤ ወደ 5 ሜትር ይመለሱና መልሕቁን ይመርምሩ።

ፍላጻ ሲነቀል ከጀርባ ማንም አይቁም። አንድ እጅ በኢላማው ላይ ተደግፎ፣ ሌላው ዘንጉን ከኢላማው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ ይስባል። ከመሃሉ ይዞ የሚስብ ሰው ዘንጉን ያጎብጠዋል።

ነጥብና ፉጨት

የውድድር ኢላማ አምስት ቀለም አለው፤ ከመሃል ወደ ውጭ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭ። እያንዳንዱ ለሁለት ስለሚከፈል ነጥቡ ከ10 እስከ 1 ይወርዳል፤ መስመር የነካ ፍላጻ ከፍተኛው ይቆጠርለታል። በኦሊምፒክ ርቀቱ 70 ሜትር፣ የኢላማው ስፋት 122 ሴንቲሜትር፣ የ10 ክብ ስፋት 12.2 ሴንቲሜትር ነው። በአዳራሽ ውስጥ 18 ሜትርና 40 ሴንቲሜትር ኢላማ የተለመደ ነው።

በዓለም አቀፉ ደንብ ሁለት ፉጨት ወደ መስመሩ ቅረቡ፣ አንድ ፉጨት ወርውሩ፣ ሦስት ፉጨት ጨርሳችኋልና ፍላጻችሁን ሰብስቡ ማለት ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ ፉጨት ሲሰማ ሁሉም ወዲያው ያቆማል፤ ስቦ የነበረም ይመልሳል። በሜዳችን ይህን የምንለማመደው ፍላጻ ሳይነካ ነው፤ ውሻ ወይም ሕፃን ወደ ሜዳው የገባ ያህል ሳይታሰብ አምስት ጊዜ አፏጫለሁ። ከቃልም የምንጠቀመው አራት ብቻ ነው፦ «ቅረብ»፣ «ወርውር»፣ «አቁም»፣ «ፍላጻ ሰብስብ»። «አንሣ» የሚለውን ቃል ከመስመሩ ላይ አስወግደነዋል።

በክረምት ማስቀመጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም የሐይቁ ዳር እርጥበት በእንጨትና በአውታር ላይ ይበረታል። ልምምድ እንዳለቀ አውታሩን ያውልቁ፤ ክንፎቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ለየብቻ በጨርቅ ከረጢት ያኑሯቸው፤ ቆርቆሮ ክዳን ሥር ባለ ሙቅ ጣሪያ አካባቢም፣ ከግድግዳ ጋር ተደግፈውም አይቀመጡ። አውታሩ ፀጉር ሲያወጣ ወይም ሲነካ ደረቅ ሲል ከጥምጣሙ በስተቀር በንጹሕ የንብ ሰም ይታሻል፤ ሰሙን በሁለት ጣት መካከል እስኪሞቅ ድረስ በቆዳ ቁራጭ ያሹት፤ ሙቀቱ ወደ ክሮቹ ውስጥ ያሰርገዋል። ማር ከሚሸጡ ሰዎች የሚገኘው ያልተቀላቀለ ሰም በቂ ነው፤ ከመደብር የሚገዛ ሻማ ግን ስለሚሰባበር አይሆንም። ከክሮቹ አንዱ እንኳ ተበጥሶ ካገኙት አውታሩን ይለውጡ።

ዝናቡ አልፎ ቀስቱ ዳግም ሲወጣ አውታሩን አስገብተው የአውታር ርቀቱን ከደብተርዎ ጋር ያመሳክሩ፤ ክንፎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፍላጻዎች ወረቀት በሌለው ኢላማ ላይ፣ ከ5 ሜትር ይወርውሩ።